በፖስተኛዋ ልክ

ፖስተኛዋ የሞተችው ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት የድንጋይ ግንብ ሥር ነው። ደብዳቤዎቹ ከቦርሳዋ ወጥተው አስፋልቱን ሞልተውታል። አስከሬኗን የሸፈኑበት አንሶላ የአልጋ ሙሉ ስለነበር፣ ከሥሩ ሰው ያለ አይመስልም ነበር።

«ፍሬኑ ይሠራል» አለ ትራፊክ ፖሊሱ። ብስክሌቷን አቁሞ ሁለቱን የፍሬን እጀታዎች በሰፊ መዳፉ ጨመቀና ጎማውን ሊያሽከረክር ሞከረ። ጎማው ንቅንቅ አላለም። «ይኸው፣ ቀጥ! ደንግጣ ነው የሚሆነው።»

«ደንግጦ ፍሬን የማይዝ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አለው አንድ ድምፅ ከኋላው።

ዞረ። ማንም የለም። ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ ኢንስፔክተሯን አያት። ቁመቷ ከደረቱ አይደርስም። ባልደረቦቿ «ጠብታ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ጠብታ ድንጋይ እንደሚበሳ ስላዩ ማሾፉን ትተው ስሙን ብቻ አስቀሩ።

ቁልቁለቱን እየቃኘች ሃምሳ እርምጃ ያህል ወጣችና ተመለሰች። አንድም ቦታ ላይ የጎማ ጭረት የለም። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች ፍሬን ሳትይዝ ነው የወረደችው። ከዚያ ብስክሌቷ አጠገብ ቆመች። ኮርቻው ከወገቧ ዝቅ ይላል፤ መሪው አጭርና ቅርብ ነው። ጠብታ በዕድሜዋ ሁሉ እግሯ መሬት የሚነካበት ወንበር ቢሮዋ ውስጥ አግኝታ አታውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ እዚያ ቆማ መጀመሪያ የተሰማት ሐዘን ሳይሆን ቅናት ነበር። ወዲያው አፈረች።

የሟቿ ባል ልብስ ሰፊ ነው። የመለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ እየሮጠ ወርዶ አንሶላው ጫፍ ላይ ተንበርክኳል።

«ያ ሰውዬ ነው የገደላት!» እያለ ይጮኻል። «ብስክሌቷን የሠራው እሱ ነው! ማን ነው እሱ፣ ልኳን አውቃለሁ ባይ! ጠይቁት!»

ያ ሰውዬ ብስክሌት ጠጋኙ ነው፤ መንደሩ «ጋሽ ቸርኬ» ይለዋል። ከሰዓት በፊት ተይዞ ጣቢያ ገባ፤ የሥራ ቤቱም ታሸገ። የጣቢያው አዛዥ ነገሩ አልቆለታል፤ «ለትንሽ ሴት የማይሆን ብስክሌት ሠርቶ ሰው ገድሏል። ነገ ረፋድ ላይ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይቀርባል» አለ። ሠላሳ ዓመት የሰው ብስክሌት ሲጠግን የኖረ ሰው፣ በሕይወቱ የኮራበት አንድ ሥራ ወህኒ ሊያወርደው ነው።

ጋሽ ቸርኬ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ግራሶ የጠጡ እጆቹን ያያል።

«ይንገሩኝ እስቲ፣ ጋሼ» አለችው ጠብታ።

«ሦስት ዓመት የነዳችው የወንድ ብስክሌት ነበር፣ ኢንስፔክተር። ኮርቻው ላይ ስትቀመጥ እግሯ አይደርስም፤ ስለዚህ ቆማ ነበር የምትነዳው። ለመውረድ ትዘላለች። አንድ ቀን ጉልበቷ ተልጦ መጣችና ‹ጋሼ፣ ለኔ የሚሆን የለም?› አለችኝ። ‹የልጅ ግዢ› አልኳት። ሳስበው አሁንም አፍራለሁ።»

«ምን አለችዎት?»

«‹እኔ አጭር ሴት ነኝ እንጂ ልጅ አይደለሁም› አለች። እውነቷን ነው። የልጅ ብስክሌት የደብዳቤ ሸክም አይችልም፤ መሪው የትልቅ ሰው ትከሻ አያስተናግድም። ከሦስት አሮጌ ብስክሌት ቆራርጬ፣ በይጄ፣ ሦስት ወር ፈጀሁባት።»

«ፍሬኑስ?»

«ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮርቻውን ዝቅ ያደርጉና ‹ጨረስን› ይላሉ። እግሩ ያጠረ ሰው ጣቱም አጭር ነው! ከእጀታው ሥር ትንሽዬ ብሎን አለች። ስትጠብቅ እጀታው ወደ መሪው ይጠጋል። በጣቷ ልክ አጠበቅኩና እንዳትዞር በሚስቴ ቀይ የጥፍር ቀለም አተምኳት። በየእጀታው አንድ ቀይ ነጥብ፤ ግማሹ ብሎኗ ላይ፣ ግማሹ አካሉ ላይ።»

«የጣቷን ርዝመት በምን አወቁ?»

ጋሽ ቸርኬ ነገራት። መልሱ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፤ እሷ ግን ሳትጽፈው ብዕሯን አስቀመጠች።

«ይህን ለማንም እንዳይናገሩ» አለች። «ለባለቤትዎም ቢሆን።»

«ባለቤቴማ ካኮረፈችኝ ሦስት ወሯ። ለማን ልነግር ነው?»

ከቁልቁለቱ አናት ላይ ሦስት በሮች ጎን ለጎን አሉ። አንዱ የጋሽ ቸርኬ ሚስት ፀጉር ቤት፣ መሃሉ የታሸገው የብስክሌት ሥራ ቤት፣ ሦስተኛው የሟቿ ባል ልብስ ስፌት ነው። ፖስተኛዋ በየቀኑ እዚያ ታርፍና ደብዳቤዋን ከሌላ ፖስተኛ ጋር ለይታ ትወርዳለች። ጠብታ ከፀጉር ቤቱ ጀመረች።

«ሞተች ብዬ ቅድስት አላደርጋትም» አለች ፀጉር ሠሪዋ ወንበር እንኳ ሳትጋብዝ። «ሦስት ወር ሙሉ ባሌ ስለ ሌላ ሴት እግር ሲያስብ ከረመ። እኔን ሃያ ዓመት አግብቶኝ የጫማ ቁጥሬን አያውቅም! የጥፍር ቀለሜን ሳይቀር ወስዶ ብስክሌቷን ቀባበት።»

«አንቺ ብስክሌት ትነጃለሽ?»

«አልነዳም።» ፎጣ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች። «ቢሠራልኝ ግን እማር ነበር።»

«ዛሬ ስትመጣ አየሻት?»

«ምን ማየት፤ ዘወትር እኔ በር ላይ አይደል ሲጥ አድርጋ የምትቆመው! ያጠብኩት ፎጣ ላይ አቧራ ታቦንብኛለች። ዛሬም እንደዚያው።»

«ሲጥ አድርጋ? በፍሬን?»

«በምን ልትቆም ኖሯል፣ በጸሎት?»

ጠብታ ጻፈች። የሴትዮዋ እጆች እስከ አንጓቸው ጠቁረዋል።

«እጅሽ ምን ሆኖ ነው?»

«የፀጉር ቀለም ነው። ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ደንበኛዬን እየቀባሁ ነበር። ጩኸቱን ስንሰማ ግማሽ ጭንቅላቷ ይቀረኝ ነበር። የነካሁት ሁሉ ይጠቁራል፤ ይኸው በሩን እዪው።»

በሩ እውነትም አምስት ጣት ታትሞበታል።

«በመስኮት ምን አየሽ?»

«ስትሄድ አየኋት። ባሏ ብስክሌቷን ይዞላት ነበር። ገረመኝ፤ ከተሠራች ጀምሮ በጫማው ጫፍ እንኳ ነክቷት አያውቅም። ዛሬ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ፣ መሪዋን ይዞ፣ እንደ ሙሽራ አሳፈራት።» ፎጣውን ወንበሩ ላይ ወረወረችው። «እሱን አይቼም ቀናሁ። ይኸው፣ ጻፊው።»

ሁለተኛው ፖስተኛ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ «ሎጋው» ይሉታል። የፖስታ ቤቱ አጥር ላይ ተደግፎ አገኘችው።

«ብስክሌቷ እስክትሠራ ድረስ አንደኛው እኔ ነበርኩ» አላት። «ከዚያ ወዲያ ስደርስ እሷ ሻይዋን ጨርሳ ብርጭቆውን ስትመልስ ነው። ጭራሽ የላይኛውን መስመር ለሷ ሰጡብኝ። ይሄን ሁሉ ቁመት ተሸክሜ እዚችው ላይ ባለች ሴት ተቀደምኩ! አንጀቴ አሯል፤ አልዋሽም።» በእጁ ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ አሳየና፣ የሚያሳያት ሰው ማን እንደሆነች ትዝ ሲለው እጁን ኪሱ ከተተ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ግድ የለም። አራት ሰዓት ላይ፣ ከመውረዷ በፊት፣ የት ነበርክ?»

«ባሏ ቤት። የመቁረጫው ጠረጴዛ ሰፊ ስለሆነ ደብዳቤውን እዚያ ዘርግተን ነው የምንለየው። ገብተን እስክንወጣ ከጎኔ አልተለየችም።»

«ባልየውስ?»

«ደጅ ወጣ ብሎ ነበር። እኛ ስንስቅ አይወድም፣ ሁሌም ይወጣል። ሲመለስ ‹ጓንትሽን አድርጊ፣ ብርድ ነው› አላት። እንክብካቤውስ የሚያስቀና ነበር።»

ልብስ ሰፊው ጋ ስትገባ ሰውየው ሥራ ላይ ነው። ሁለት የኮት እጅጌ አንዱን ካንዱ ላይ አነባብሮ፣ ዓይኑን አጥብቦ ያስተያያል። ከዚያ የአንዱን ስፌት መተርተር ጀመረ።

«በዚህ ቀን እንኳ?»

«እጄ ሥራ ሲፈታ አብዳለሁ» አለ ቀና ሳይል። «ይሄኛው በክር ውፍረት ይበልጣል።»

ጠብታ ሁለቱን እጅጌ አየች። ለእሷ ዓይን አንድ ናቸው።

«አሥራ አንድ ዓመት አለበስኳት» አለ። «ሱቅ ገብታ የሚሆናት ልብስ አግኝታ አታውቅም። ሱሪዋን፣ ጃኬቷን፣ ጓንቷን ሳይቀር የሰፋሁት እኔ ነኝ። በልኳ የሚሠራላት ሰው በዓለም ላይ አንድ ነበር።»

«ብስክሌቷን የተቀበለች ቀን ምን አለችዎት?»

መርፌው እጁ ላይ ቆመ። «‹ይቺን ብስክሌት አንተም ሰፍተሃታል› አለችኝ። እየሳቀች! በኔ ላይ ስታሾፍ።»

«ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቋት?»

«ምኑን ልጠይቅ? የገባኝ ገብቶኛል።»

የስፌት መኪናው መሳቢያ ክፍት ነው። ውስጡ ክር፣ ሰማያዊ የልብስ ጠመኔ፣ የመኪናውን መርፌ ማጥበቂያ ትንሽዬ ካቻቢቴ አሉ። ጠብታ ሦስት ቦታ ያገኘችውን ካቻቢቴ ሁሉ፣ ጋሽ ቸርኬ ሲያዝ ኪሱ ውስጥ የተገኘውንም፣ የሎጋውንም፣ የልብስ ሰፊውንም፣ እየለየች በፖስታ አሸገችና ወሰደች። ሰውየው አልተቃወመም። የመኪና መርፌ ማጥበቂያ ማን ይጠረጥራል?

ጣቢያው ግቢ ውስጥ ብስክሌቷ ግድግዳ ተደግፋለች። የሟቿን ልብስ ያመጣው ሐኪም የአስከሬን ልኬት የጻፈበትን ወረቀት ለጠብታ ሰጥቷት ሄደ። ጠብታ የሟቿን ጓንት አጠለቀች። ልክ ሆነላት፤ ጣቶቿ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞሉት። ከዚያ ማንም እንደማያያት አረጋግጣ ኮርቻው ላይ ወጣች። ሁለቱም እግሮቿ መሬት ነኩ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልመረመረችም፤ ዝም ብላ ተቀመጠች።

ከዚያ ጣቶቿን ወደ ፍሬኑ ዘረጋች። ጫፋቸው ብቻ እጀታውን ነካው። ሊጨብጡት አልቻሉም።

ጎንበስ ብላ ከእጀታዎቹ ሥር አየች። ረጅም ሰው ይህን ለማየት መንበርከክ ነበረበት፤ ለእሷ ግን ከአፍንጫዋ ሥር ነበር። ያየችውን ጽፋ ደብተሯን ዘጋች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጋሽ ቸርኬ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሊቀርብ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ የሥራ ቤቱ እሽግ ተነሣ። ጋሽ ቸርኬ በሁለት ፖሊስ መሃል ቆመ። ሚስቱ በሩ ጋ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ሎጋው ጣሪያው ስለማይበቃው ጎንበስ ብሏል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ አንድ ጥግ ተቀመጠ። ብስክሌቷ መሃል ላይ ናት። ከላይዋ፣ ግድግዳው ላይ፣ በሚስማር የተመታ የልኬት ወረቀት ተሰቅሏል።

«ከፍሬኑ እንጀምር» አለች ጠብታ። «ትራፊክ ፖሊሱ በትልቅ እጁ ሲይዘው ሠራ። እኔ በሷ ጓንት ስይዘው አልደረስኩበትም። ስለዚህ ፍሬኑ አልተበላሸም፤ ከእጇ እንዲርቅ ነው የተደረገው።»

«እኔ ልኳን ጠብቄ ነው የሠራሁት!» አለ ጋሽ ቸርኬ።

«አውቃለሁ ጋሼ፤ ይታገሡኝ። በየእጀታው ያለው ቀይ ነጥብ ለሁለት ተሰንጥቋል። ብሎኑን አምስት ዙር ስመልሰው ግማሾቹ ገጠሙ፤ ፍሬኑም ጣቴ ሥር ገባ። አንድ ሰው አምስት ዙር አላልቶታል። መቼ? ፖስተኛዋ እዚህ ስትደርስ በፍሬን ሲጥ አድርጋ ቆማለች። የመሰከረችው ደግሞ የማትወዳት ሴት ናት።»

«ፎጣዬን ስላቦነነችብኝ ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ በቀስታ።

«እንግዲህ የተላላው እዚህ ቆማ ሳለች ነው። ማን ነበር? አንቺ እጅሽ ጥቁር ቀለም ውስጥ ነበር። በርሽ ላይ አምስት ጣትሽ አለ፤ ብስክሌቷ ላይ ግን አንድም የለም። ሎጋው ከሟቿ ጎን ደብዳቤ ሲለይ ነበር። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ጋሽ ቸርኬና ባልየው።»

«ሚስቴን? እኔ?» አለ ልብስ ሰፊው። «ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅሚያለሽ!»

«ሁለቱን እጀታዎች ለካኋቸው» ቀጠለች ጠብታ፣ ሰውየው ያልተናገረ ያህል። «ሁለቱም ከመሪው የራቁት እኩል ነው፤ በክር ውፍረት እንኳ አይበላለጡም። የተናደደና የቸኮለ ሰው አንዱን አምስት፣ አንዱን ሦስት ዙር ቢያዞር ይበቃዋል። ይህ ሰው ግን የግራና የቀኝ መበላለጥ አይሆንለትም። ሰው ሲገድል እንኳ!»

ሎጋው ያን ጊዜ ቀና አለና ጭንቅላቱ ጣሪያውን መታው።

«ጋሽ ቸርኬም ጠንቃቃ ነው» አለ ልብስ ሰፊው።

«ጋሽ ቸርኬ ዙር ይቆጥራል፤ በጠመኔ አያሰምርም። ከእጀታዎቹ ውስጥ በኩል አጭር አጭር ሰማያዊ መስመር አለ፤ የልብስ ጠመኔ። ከጓንቷ ነው እንዳይሉ፣ የተነካካ አይደለም፤ ቀጥ ተደርጎ የተሰመረ ነው። ከካቻቢቴዎቹ መሃል ደግሞ ጫፏ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ፍንጣሪ የተገኘባት አንድ ብቻ ናት። የስፌት መኪናዋ። ከዚያ ያላላው ሰው ብስክሌቷን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ይዞ አሳፈራት። ሜዳ ላይ ፍሬኗን እንዳትሞክር!»

ፀጉር ሠሪዋ ሳታስበው ወደ ባሏ ተጠግታ እጅጌውን ያዘች።

ልብስ ሰፊው ቆመ። መካዱን ተወው፤ ቅናት ከያዘው ሰው ይልቅ ቅናቱ ራሱ መናገር ይወዳል።

«አዎን!» አለ። «ያንን ወረቀት እዪው! ልጠራት የገባሁ ቀን አየሁት። እግር፣ ስድሳ ስድስት። እጅጌ፣ ትከሻ፣ ጣት፣ ሁሉም! እነዚያን ቁጥሮች በዓለም ላይ የማውቃቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። በነዚህ ጣቶቼ ለክቼ! ሰውነቷ ላይ እጁን ሳያሳርፍ በምን ያውቃል? ደግሞስ ቡኒ ሱሪዋ ሦስት ቀን ከቤት ጠፍቶ ነበር። ሴት ሱሪዋን የት አውልቃ ትመጣለች? እሷንም ፍሬኗ፣ እሱንም ሥራው ይፍረድባቸው አልኩ።»

«ጋሽ ቸርኬ» አለች ጠብታ፣ «ትናንት የነገሩኝን አሁን ይንገሩት።»

ጋሽ ቸርኬ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። «እኔ እሷን ለክቼ አላውቅም፣ ወንድሜ። ‹መለካት አያስፈልግም፤ የባሌ ስፌት አይዋሽም› ብላ ሱሪዋን፣ ጃኬቷንና ጓንቷን በከረጢት አመጣችልኝ። ሦስት ቀን እዚህ ነበሩ። ‹ሲያልቅ አሳየዋለሁ፣ ደስ ይለዋል› አለች።»

«ውሸት ነው።»

«ሐኪሙ የእግሯን ርዝመት ለክቷል» አለች ጠብታ። «ስድሳ ዘጠኝ ነው። ወረቀቱ የሚለው ስድሳ ስድስት። ሰውነቷን የለካ ሰው ስድሳ ዘጠኝ ይጽፍ ነበር። ሱሪዋን ከመሬት ሦስት ሴንቲ ከፍ አድርጎ የሚጨርሰው ማነው?»

የሰውየው ዓይን ግድግዳው ላይ ወዳለው ወረቀት ሄደ።

«‹አንተም ሰፍተሃታል› ያለችዎት ስታሾፍ አልነበረም። ብስክሌቷ ልክ የሆነችላት ልብሶችዎ ልክ ስለነበሩ ነው። ይህንኑ ነበር የነገረችዎት።»

ጠብታ ከሟቿ ቤት ያስመጣችውን ቡኒ ሱሪ ከከረጢት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጫፉ ላይ የግራሶ አሻራ አለ፤ ታጥቦም አልለቀቀም።

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ተራመደ። ጠብታ በእጇ አስቆመችው።

ልብስ ሰፊው ቀረበ። ጫፉን ገልብጦ ስፌቱን አየ፤ የራሱ ነው። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፤ ማንም አላዘዘውም። አንዱን ጫፍ ከሁለቱ እግሮች መጋጠሚያ ላይ በአውራ ጣቱ ያዘ፤ ሌላኛውን እስከ ታች ድረስ አስከተለው፤ ጨርቁን በእጁ ደልደል አደረገና አነበበ።

«ስድሳ ስድስት» አለ።

መልሶ ለካው።